የሞቶጂፒን የውድድር ዘመን በደብተር መከታተል፦ ከመጀመሪያው ግራንድ ፕሪ እስከ መጨረሻው ነጥብ

የሞተር ሳይክል የዓለም ሻምፒዮና ቁንጮ የሆነውን ሞቶጂፒን እሑድ እሑድ ማን እንዳሸነፈ ብቻ እያዩ መከታተል ይቻላል። እንዲህ የሚከታተል ሰው ግን በዓመቱ መጨረሻ ዋንጫው ያልጠበቀው ተወዳዳሪ እጅ ሲገባ ምክንያቱ ግልጽ አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. በ2024 የውድድር ዘመን ጣሊያናዊው ፍራንቼስኮ ባኛያ ከ20ዎቹ የእሑድ ውድድሮች 11ዱን ሲያሸንፍ፣ ስፔናዊው ሆርሄ ማርቲን ያሸነፈው 3 ብቻ ነበር። ሻምፒዮን የሆነው ግን 508 ነጥብ የሰበሰበው ማርቲን ነው፤ ባኛያ በ498 ነጥብ ሁለተኛ ሆነ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አንድ አንባቢ ቀጣዩን የውድድር ዘመን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እንዲህ ያለውን ውጤት አስቀድሞ እያየ እንዲከታተል ማስቻል ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ከዓርብ ጀምሮ የሚደረገውን ለማየት የሚበቃ ትዕግሥት ነው።

የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ሻምፒዮናው ብዙ ጊዜ ከየካቲት መጨረሻ ወይም ከመጋቢት ተነሥቶ፣ ዕንቁጣጣሽን ተሻግሮ እስከ ኅዳር ስለሚዘልቅ፣ በእኛ አቆጣጠር አንዱ የውድድር ዘመን በሁለት ዓመት ላይ ይወድቃል፤ በደብተርዎ ላይ ሁለቱን አቆጣጠር ቀላቅሎ መጻፍ ኋላ ያደናግርዎታል።

ደብተሩን ማዘጋጀት

መጀመሪያ የነጥብ አሰጣጡን በቃልዎ ይያዙ። የእሑዱ ዋና ውድድር ለመጀመሪያዎቹ 15 ተወዳዳሪዎች ነጥብ ይሰጣል፤ ይኸውም ከአንደኛው ጀምሮ 25፣ 20፣ 16፣ 13፣ 11፣ 10፣ 9፣ 8፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 እና 1 ነው። ከ2023 ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚካሄደውና ስፕሪንት የሚባለው አጭር ውድድር የዋናውን ግማሽ ያህል ርቀት ይሸፍናል፤ ለመጀመሪያዎቹ 9 ተወዳዳሪዎችም 12፣ 9፣ 7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3፣ 2 እና 1 ነጥብ ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ግራንድ ፕሪ፣ ማለትም በአንድ ሳምንት መጨረሻ የቅዳሜና የእሑድ ውድድሮች፣ ሊሰበሰብ የሚችለው ከፍተኛ ነጥብ 37 ነው።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። እሑድ ሁለተኛ የሚወጣ ተወዳዳሪ ከአሸናፊው የሚያንሰው በ5 ነጥብ ብቻ ነው፤ የወደቀ ግን ሃያ አምስቱንም ያጣል። አንዱ ወድቆ ተቀናቃኙ ካሸነፈ፣ የወደቀው ያንን ለማካካስ ተቀናቃኙን ሁለተኛ እያስወጣ አምስት የእሑድ ውድድሮችን ማሸነፍ ይኖርበታል። ሻምፒዮናው የሚመዘነው በዚህ ሚዛን ነው፤ የድል ብዛት ብቻውን ብዙ የማይናገረውም ለዚህ ነው።

ለሚከታተሏቸው ሦስት ወይም አራት ተወዳዳሪዎች ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ይስጡ። በገጹ ላይ የግራንድ ፕሪው ስም፣ የቅዳሜ ነጥብ፣ የእሑድ ነጥብ፣ ድምርና ከመሪው ጋር ያለው ልዩነት በየዓምዱ ይገባሉ። ከሁሉም ሰፊ ሆኖ መሰመር ያለበት ግን የመጨረሻው ዓምድ ነው፤ እርሱም “ያመለጠ ነጥብ” የሚል ርእስ ይያዝ። ተወዳዳሪው በእጁ የነበረ ውጤት ባመለጠው ቁጥር ስንት ነጥብ እንደሄደበትና ለምን እንደሄደበት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉበት፤ ወደቀ፣ ተገፋ፣ ሞተሩ ተበላሸ፣ ተቀጣ፣ ጎማው አለቀበት። በእኔ እምነት የአንድን የውድድር ዘመን ታሪክ ከዚህ ዓምድ የበለጠ የሚናገር የለም።

የባኛያን የ2024 ገጽ ምሳሌ አድርገን እንሙላው። ፖርቲማው ላይ እሑድ ከማርክ ማርኬዝ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ሄሬዝ ላይ ቅዳሜ በሌሎች ተወዳዳሪዎች መካከል ተጨናንቆ ከውድድሩ ወጣ። ለማን ላይ ቅዳሜ በሞተር ሳይክሉ ችግር ምክንያት አቋረጠ። ባርሴሎና ላይ ቅዳሜ እየመራ ሳለ በመጨረሻው ዙር ወደቀ። ሲልቨርስቶን ላይ ቅዳሜ ወደቀ። አራጎን ላይ እሑድ ከአሌክስ ማርኬዝ ጋር ተጋጨ። ሚዛኖ ላይ በሁለተኛው የመስከረም ውድድር እሑድ ወደቀ፤ ሴፓንግ ላይ ደግሞ ቅዳሜ። ስምንት ጊዜ ባዶ ማለት ነው፤ ከስምንቱ አምስቱ የቅዳሜ ናቸው። ዓመቱን በሙሉ ከማርቲን ጋር የነበረው የመጨረሻ ልዩነት 10 ነጥብ ሲሆን፣ ባርሴሎና ላይ በመጨረሻው ዙር ከእጁ የወጣው ስፕሪንት ብቻውን 12 ነጥብ ያወጣ ነበር። ማርቲንም አልወደቀም ማለት አይደለም፤ ሄሬዝ ላይ እየመራ፣ ዛክሰንሪንግ ላይም እየመራ ሁለት ዙር ያህል ሲቀረው ወድቋል፤ በሙጄሎና በማንዳሊካ ስፕሪንቶችም ነጥብ አላገኘም። የእርሱ ባዶዎች ግን አራት ናቸው፤ ዋንጫው የተወሰነውም በእነዚህ በስምንቱና በአራቱ መካከል ነው።

ይህ የ2024 ብቻ ጉዳይ አይደለም። በ1999 አነስተኛ ሞተር ባላቸው ሞተር ሳይክሎች በሚደረገው በ125 ሲሲ ክፍል ኤሚሊዮ አልዛሞራ አንድም ውድድር ሳያሸንፍ ማርኮ ሜላንድሪን በ1 ነጥብ በልጦ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በ2020 ጆአን ሚር በዋናው ክፍል በሞቶጂፒ ዋንጫውን ሲወስድ በዓመቱ ያሸነፈው አንድ ውድድር ነበር። ከሁሉም በላይ ግን የ2006ቱን ዘመን ማጥናት ይጠቅማል። አሜሪካዊው ኒኪ ሄይደን 2 ውድድር፣ ቫለንቲኖ ሮሲ 5 ውድድር አሸንፈው፣ ሄይደን በ252 ለ247 ሻምፒዮን ሆነ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሮሲ በመጨረሻው የቫሌንሲያ ውድድር መውደቁን ነው። ከዚያ በፊት በነበረው የኤስቶሪል ውድድር ግን ቶኒ ኤሊያስ ሮሲን በ2 ሺኛ ሰከንድ ቀድሞት ነበር። ሮሲ ያንን መስመር ቀድሞ አልፎ ቢሆን 5 ነጥብ ይጨምርና በ252 ከሄይደን ጋር እኩል ይሆን ነበር፤ በእኩል ነጥብ ደግሞ ብዙ ያሸነፈው ስለሚቀድም ዋንጫው የእርሱ ይሆን ነበር። “ያመለጠ ነጥብ” የሚለው ዓምድ እንዲህ ያለውን በጊዜው ብዙም ትኩረት ያላገኘ ቅጽበት መዝግቦ ያቆያል።

መርሐ ግብሩና ሰዓቱ

የዓመቱን መርሐ ግብር ሲገለብጡ በእርሳስ ይሁን፤ ይለወጣልና። በ2024 የአርጀንቲናው ውድድር ተሰርዟል፤ በሌላ በኩል ሚዛኖ ሁለት ጊዜ አስተናግዷል። በመጨረሻው ላይም ቫሌንሲያ በጥቅምት ወር በደረሰባት ከባድ የጎርፍ አደጋ ምክንያት የመዝጊያው ውድድር ወደ ባርሴሎና ተዛውሯል። መርሐ ግብሩን ሲያዩ ውድድሮቹ የተደራረቡባቸውን ሳምንታት ያክብቡ። በ2024 ከሁለተኛው የሚዛኖ ውድድር እስከ ሴፓንግ ድረስ በሰባት ሳምንታት ውስጥ ስድስት ግራንድ ፕሪዎች ነበሩ፤ ከጣሊያን ወደ ኢንዶኔዥያ፣ ወደ ጃፓን፣ ወደ አውስትራሊያ፣ ወደ ታይላንድና ወደ ማሌዥያ። በዚህ ጊዜ እጁን ወይም ትከሻውን የተጎዳ ተወዳዳሪ ለማገገም ጊዜ ስለማይኖረው አንድ ጉዳት የሚያስከትለው ኪሳራ ከሌላው ጊዜ እጥፍ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሆነው ለሚከታተሉ ሰዓቱ ከሞላ ጎደል የተመቸ ነው። በመካከለኛው አውሮፓ በበጋ የሚደረግ የእሑድ ውድድር በተለመደው ጊዜው ሲጀመር እኛ ዘንድ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ የቅዳሜው ስፕሪንት ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት። አውሮፓውያን በጥቅምት መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ለእኛ አንድ ሰዓት ስለሚዘገይ፣ የመዝጊያውን ውድድር በ9 ሰዓት የሚጠብቅ ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይቀመጣል። በአውስትራሊያው ፊሊፕ አይላንድ የሚደረገው ንጋት ላይ 12 ሰዓት ገደማ ይጀምራል፤ በአሜሪካው ኦስቲን የሚደረገው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። የኳታር ሰዓት ከኢትዮጵያ ጋር አንድ በመሆኑ መቀየር አያስፈልግም። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ውድድሩ በሱፐርስፖርት ቻናሎች ሲተላለፍ ቆይቷል፤ የማስተላለፍ መብት ግን ከዓመት ዓመት ሊቀየር ስለሚችል የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ማረጋገጥ ይገባል።

በዶሃና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ወገኖቻችን የኳታሩ የውድድር ሜዳ ሉሳይል ቅርብ ነው። ከ2008 ጀምሮ ውድድሩ በሌሊት በመብራት ስለሚደረግ ሙቀቱ ይቀላል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከተቻለ ዓርብንም ይጨምር፤ በመጀመሪያው ልምምድ ነፋስ ያመጣው አሸዋ ከዋናው የመሄጃ መስመር ውጭ ተኝቶ ይቆያል፣ ተወዳዳሪዎቹም መስመሩን በየዙሩ እየጠረጉ ሰዓታቸው እያጠረ ሲሄድ በዓይን ማየት ይቻላል። ከመስመሩ በአንድ ክንድ የወጣ ሰው ለምን እንደሚንሸራተት ያኔ በደንብ ይገባል።

ዓርብንና ቅዳሜን ማንበብ

ብዙ ተመልካች ዓርብን ይዘላል። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የቅዳሜና የእሑድ ውጤት ግማሹ የሚወሰነው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ዓርብ ጠዋት የ45 ደቂቃ ነጻ ልምምድ አለ፤ ሰዓቱ ለማጣሪያ አይቆጠርም። ከሰዓት በኋላ ያለው የአንድ ሰዓት ልምምድ ግን ይቆጠራል፤ ከሁሉም ፈጣን የሆኑት 10 ተወዳዳሪዎች በቀጥታ ወደ ሁለተኛው ማጣሪያ ያልፋሉ። የቀሩት ቅዳሜ ጠዋት በ15 ደቂቃው የመጀመሪያ ማጣሪያ ይፋለማሉ፤ ከእነርሱ የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ማጣሪያ 12ቱ የመጀመሪያዎቹን አራት የመነሻ ረድፎች ይከፋፈላሉ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ይቆማሉ። ይህ የመነሻ ቦታ ለስፕሪንቱም ለእሑዱም ያገለግላል። አንድ መጥፎ ዓርብ ሁለት ውድድር ያበላሻል ማለት ነው።

የመነሻ ቦታ ከድሮው ይልቅ ዛሬ ይከብዳል። የዘመኑ ሞተር ሳይክሎች በሸፈናቸው ላይ ክንፎች ስላሏቸው ከኋላቸው ያለውን አየር ያውኩታል፤ ተከታዩ ፍሬን የሚይዝበት ቦታ ላይ ሲደርስ የሚደግፈው አየር ያጥረዋል፤ የፊት ጎማውም ይግላል። ከኋላ ተነሥቶ አንድ በአንድ እየቀደሙ መምጣት እንደ ሮሲ ዘመን አይደለም።

ልምምዱን ሲያዩ በሰሌዳው አናት ላይ ያለውን ስም ብቻ አይመልከቱ። በአዲስ ለስላሳ ጎማ የተመዘገበ አንድ ፈጣን ዙር ለመነሻ ቦታ ይጠቅማል፤ የእሑዱን ግን የሚናገረው ባረጀ ጎማ በተከታታይ የተነዱ አምስትና ስድስት ዙሮች ናቸው። ልምምዱ እንዳለቀ የእያንዳንዱን ተወዳዳሪ የየዙር ሰዓት የያዘ ሰነድ በሻምፒዮናው ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። ያንን ከፍተው የሚከታተሏቸውን ሰዎች ተከታታይ ዙሮች ከየደብተራቸው ገጽ ጥግ ላይ ይጻፉ። አንዱ ዙሮቹን በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ልዩነት ውስጥ ሰብስቦ የሚነዳ፣ ሌላው አንዱን በጣም ፈጥኖ ቀጣዩን በግማሽ ሰከንድ የሚዘገይ ከሆነ፣ በሰሌዳው ላይ ሁለተኛው ቢቀድምም እሑድ የሚታመነው የመጀመሪያው ነው። እግረ መንገድዎን ቢጫ ባንዲራን ያስታውሱ፤ ቢጫ በሚውለበለብበት ክፍል ያለፈ ተወዳዳሪ የልምምድ ወይም የማጣሪያ ዙሩ ይሰረዝበታል፤ ስለዚህ በዓመቱ ፈጣን የነበረ ሰው አሥራ አንደኛ ሆኖ ሲገኝ ምክንያቱ ሌላ ሰው መውደቁ ሊሆን ይችላል።

ሞቶ2 እና ሞቶ3 የተባሉት ታናናሽ ክፍሎች እሑድ ከዋናው ውድድር በፊት ይሮጣሉ። ለጀማሪ ሦስቱንም በደብተር መያዝ ይከብዳል፤ ነገር ግን ከሞቶ2 ሁለት ስሞችን መርጦ ማየት ለቀጣዩ ዓመት ይጠቅማል፤ የዋናው ክፍል አዳዲስ ተወዳዳሪዎች በአብዛኛው የሚመጡት ከዚያ ነውና።

ሜዳውን፣ ጎማውንና ግፊቱን ማወቅ

እያንዳንዱ የውድድር ሜዳ የራሱ ጠባይ አለው፤ ይህንንም በግራንድ ፕሪው ስም ሥር በአንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። ሞቴጊ ቀጥታ ፍጥነትና ከባድ ፍሬን ነው። አሰንና ፊሊፕ አይላንድ ሞተር ሳይክሉን ሳያቆሙ ከአንዱ ኩርባ ወደ ሌላው የሚያፈሱበት ሜዳ ናቸው። በሙጄሎ ረጅም ቀጥታ ላይ ደቡብ አፍሪካዊው ብራድ ቢንደር በ2023 በሰዓት 366.1 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ ከዚያ ፍጥነት ነው ተወዳዳሪው ቁጭ ብሎ ደረቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ፍሬን የሚይዘው።

ዛክሰንሪንግን ግን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ጀርመን የሚገኘው ይህ ሜዳ ከ13 ኩርባዎቹ 10ሩ ወደ ግራ ናቸው። ተወዳዳሪው ለረጅም ጊዜ በግራ ጎኑ ተኝቶ ሲዞር የጎማው ግራ ጎን ይግላል፣ ቀኝ ጎኑ ግን አስፋልት ሳይነካ በነፋስ ይቀዘቅዛል። ከዚያ 11ኛው ኩርባ ይመጣል፤ ቁልቁል የሚወርድ፣ ፈጣን፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ። የቀዘቀዘው የጎማ ጎን መሬት የሚነካው ያኔ ነው፤ የፊት ጎማው ያለ ማስጠንቀቂያ ሲሸሽ የሚታየውም እዚሁ ነው። ማርክ ማርኬዝ በዚህ ሜዳ ከ2013 እስከ 2021 በዋናው ክፍል የሮጠባቸውን ስምንት ውድድሮች በሙሉ አሸንፏል። ስለዚህ በደብተርዎ ላይ እርሱ እዚያ ያገኘውን 25 ነጥብ እንደ ትርፍ ከመቁጠር፣ ሌሎቹ እዚያ ከእርሱ ምን ያህል ሳይርቁ እንደወጡ መጻፍ የበለጠ ያስተምራል።

ጎማን በተመለከተ አንድ ደንብ ሳያውቁ ውጤቱን መረዳት አይቻልም። በ2024 ደንብ የፊት ጎማው የአየር ግፊት በዋናው ውድድር ቢያንስ በ60 በመቶ፣ በስፕሪንቱ በ30 በመቶ ዙሮች ላይ ከ1.8 ባር በታች መውረድ አልነበረበትም። ይህን ያላሟላ እሑድ 16 ሰከንድ፣ ቅዳሜ 8 ሰከንድ በሰዓቱ ላይ ይጨመርበታል። አንድ ተወዳዳሪ ብቻውን ከፊት ሲነዳ ቀዝቃዛ አየር ስለሚያገኝ ግፊቱ ይወርዳል፤ ከሌላው ኋላ ሲጠጋ ግን ከፊተኛው የሚወጣው ሙቀት ጎማውን አግሎ ግፊቱን ያንረዋል፤ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ የፊት ጎማው መንገዱን መያዝ ያቆማል። ስለዚህ ቡድኑ ጎማውን ሲነፋ ተወዳዳሪው ከፊት ይሆናል ወይስ ከኋላ ብሎ መገመት ይኖርበታል።

የዚህ ደንብ ውጤት በ2024 በሄሬዝ ስፕሪንት ታይቷል። ፋቢዮ ኳርታራሮ ሦስተኛ ሆኖ ገብቶ ሳለ በግፊቱ ምክንያት 8 ሰከንድ ተጨምሮበት ወደ አምስተኛ ወረደ፤ ሦስተኛነቱ በእንግድነት ለሮጠው ለዳኒ ፔድሮሳ ተሰጠ። በ2025 በታይላንዱ ቡሪራም ደግሞ ማርክ ማርኬዝ እየመራ ሳለ በድንገት ፍጥነቱን ቀንሶ ወንድሙን አሌክስን አሳለፈው። ደንቡን የማያውቅ ተመልካች ሞተሩ ተበላሸ ብሎ ሊያዝን ይችላል። ማርኬዝ ግን ያደረገው ከወንድሙ ኋላ ተጠግቶ የፊት ጎማውን ማሞቅና ግፊቱን ወደ ሕጋዊው መጠን መመለስ ነበር፤ የሚያስፈልጉትን ዙሮች ከሞላ በኋላ ጥቂት ዙር ሲቀር ቀድሞ አሸነፈ። ስለዚህ እሑድ ውድድሩ እንዳለቀ ነጥቡን ወዲያውኑ በቀለም አይጻፉ፤ የግፊቱ ፍተሻ ተጠናቅቆ ይፋዊው ውጤት እስኪወጣ በእርሳስ ይቆይ።

ዝናብ ሲመጣ

በደረቅ የተጀመረ ውድድር ላይ ዝናብ ከጣለ ዳኞች ነጭ ባንዲራ ያሳያሉ፤ ከዚያ በኋላ ተወዳዳሪው ወደ ጋራዡ ገብቶ የዝናብ ጎማ ወደተገጠመለት ሁለተኛ ሞተር ሳይክሉ መቀየር ይችላል። መቼ መግባት እንዳለበት የሚወስነው እርሱ ራሱ ነው፤ ውሳኔውም በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የሚሰጥ ነው። ይህን ጊዜ ከመሪው ይልቅ የጋራዡን መግቢያ ይመልከቱ፤ ማን ገባ፣ ስንተኛው ዙር ላይ ገባ፣ ሰማዩ በየትኛው የሜዳው ጫፍ ጠቆረ።

በመስከረም 2024 ሚዛኖ ላይ ጠብታ ሲጀምር ማርቲን ባኛያን እየተከተለ በሁለተኛነት ይነዳ ነበር። ለመቀየር ገባ፤ ከፊት ያሉት ተቀናቃኞቹ ግን በደረቁ ጎማ ቀጠሉ፤ ዝናቡም ቆመ። ተመልሶ ገብቶ የደረቁን ከመውሰድ በቀር ምርጫ አልነበረውም፤ 15ኛ ሆኖ አንድ ነጥብ ይዞ ጨረሰ። ባኛያ ሁለተኛ በመሆኑ የ26 ነጥብ ልዩነት በአንድ ከሰዓት በኋላ ወደ 7 ወረደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ሜዳ ባኛያ ወደቀ፤ ማርቲን ሁለተኛ ሆኖ 20 ነጥብ መልሶ ወሰደ። ተቃራኒው ምሳሌ የ2021ዱ የኦስትሪያ ውድድር ነው። ዝናቡ በመጨረሻዎቹ ዙሮች ሲበረታ ከፊት ያሉት ሁሉ ለመቀየር ሲገቡ ብራድ ቢንደር በደረቅ ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ ቀርቶ አሸነፈ። ሁለቱም በዚያች ሰዓት ባላቸው መረጃ የወሰኑት ውሳኔ ነው፤ ስለዚህ በደብተርዎ ላይ “ተሳሳተ” ከማለት “ዝናቡ ቆመበት” ብሎ መጻፍ ፍትሐዊ ነው።

ከቀሩት ባንዲራዎች ለተመልካች የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው። ቀይ ውድድሩን ያስቆማል። ሰማያዊ ከኋላ ፈጣን ሰው እየመጣ መሆኑን ይነግራል። ብርቱካናማ ክብ ያለበት ጥቁር ባንዲራ ሞተር ሳይክሉ አደገኛ ብልሽት ስላለበት ተወዳዳሪው እንዲወጣ ያዛል። ከሜዳው ወሰን ውጭ ያለውን አረንጓዴ ቀለም ደጋግሞ የነካ ወይም ሌላውን ያላግባብ የገፋ ሰው በተለየ ረጅም መንገድ እንዲዞር ሊቀጣ ይችላል፤ ይህም ጥቂት ሰከንድ ያስከፍለዋል፤ ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ቦታ ማለት ነው።

ስለ መውደቅ ሲጽፉ ከነጥቡ ቀጥሎ ሰውየው ተነሥቶ መሄዱንም ይጻፉ። ማርክ ማርኬዝ በሐምሌ 2020 ሄሬዝ ላይ ወድቆ ቀኝ ክንዱን ሲሰብር የጠፋው 25 ነጥብ ብቻ አልነበረም፤ ከአራት ቀዶ ሕክምናና ከብዙ ባዶ ወራት በኋላ ዳግም የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በመስከረም 2025 ነው። የተወዳዳሪ አካል የሚከፍለው ዋጋ በነጥብ ሰንጠረዥ ላይ አይታይም፤ የሚከታተለው ሰው ግን ሊያውቀውና ሊያከብረው ይገባል።

የመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስሌት

አምስት ያህል ግራንድ ፕሪዎች ሲቀሩ ከእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የቀሩትን ውድድሮች በ37 ያባዙ። የሚወጣው ቁጥር ገና በሜዳ ላይ ያለው ነጥብ ነው፤ የመሪው ልዩነት ከዚህ ቁጥር ከበለጠ ዋንጫው ተወስኗል። በ2025 ማርኬዝ አምስት ግራንድ ፕሪዎች ሲቀሩ ሞቴጊ ላይ በዚህ መንገድ ቀድሞ ጨርሷል። እንዲህ ባለ ዓመት ደብተሩን መዝጋት አያስፈልግም፤ ለሁለተኛነትና ለሦስተኛነት የሚደረገውን ትግል፣ እንዲሁም በአምራቾች መካከል ያለውን ፉክክር መከታተል ይቻላል። በ2024 ከ20ዎቹ የእሑድ ውድድሮች 19ኙን ዱካቲ ሲያሸንፍ፣ በመካከል የገባው ኦስቲን ላይ በአፕሪሊያ ያሸነፈው ማቬሪክ ቪኛሌስ ብቻ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ በቀጣዮቹ ዓመታት የአፕሪሊያ፣ የኬቲኤም፣ የሆንዳና የያማሃ እያንዳንዱ እርምጃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባዋል።

ዋንጫው እስከ መጨረሻው ከዘለቀ ግን በእያንዳንዱ ውድድር ፊት ሁለት መስመር ይጻፉ፤ መሪው ዛሬ ስንተኛ ቢወጣ ይበቃዋል፣ ተከታዩስ ምን ያስፈልገዋል። ከ2024ቱ ሴፓንግ በፊት ማርቲን በ17 ነጥብ ይመራ ነበር። ቅዳሜ አሸነፈ፤ ባኛያ ወደቀ፤ ልዩነቱ 29 ሆነ። እሑድ ለማርቲን ሁለተኛነት ከበቂ በላይ ነበር። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሁለቱ በየኩርባው አንዱ ሌላውን እየቀደመ ተፋለሙ፤ ማርቲን ሁለተኛነቱን ተቀብሎ ልዩነቱን 24 አድርጎ የወጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ባርሴሎና ላይ ቅዳሜ ባኛያ አንደኛ፣ ማርቲን ሦስተኛ ሆኑ፤ 12 ለ7፣ ልዩነቱ 19። እሑድም እንዲሁ አንደኛና ሦስተኛ፤ 25 ለ16፣ ልዩነቱ 10። ባኛያ በመጨረሻው ግራንድ ፕሪ ሊገኝ የሚችለውን 37 ነጥብ በሙሉ ወስዶ ዋንጫውን አጣ። ማርቲን ደግሞ ሁለት ጊዜ ሦስተኛ በመውጣት፣ ሞቶጂፒ በ2002 ይህን ስም ከያዘ ወዲህ የሞተር ሳይክሉ አምራች ፋብሪካ የራሱ ባልሆነ ቡድን ውስጥ ሆኖ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ተወዳዳሪ ሆነ።

ከመዝጊያው በኋላ ባለው ማክሰኞ ብዙውን ጊዜ በዚያው ሜዳ ለቀጣዩ ዓመት ሙከራ ይደረጋል። ቡድን የቀየሩ ተወዳዳሪዎች አዲሱን ሞተር ሳይክል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነዱት ያኔ ነው፤ በ2024 ማርቲን አፕሪሊያን፣ ማርኬዝ የዱካቲን የፋብሪካ ሞተር ሳይክል የሞከሩት ከባርሴሎናው ውድድር ሁለት ቀን በኋላ ነበር። አዲስ ደብተር ገዝተው በመጀመሪያው ገጽ ላይ ማን ወደ የትኛው ቡድን እንደሄደና በዚያች ቀን ያስመዘገበውን ተከታታይ ዙር ይጻፉ፤ ቀጣዩ የሙከራ ቀን የካቲት ላይ ሲመጣ የሚነጻጸረው ከእርሱ ጋር ነው።